የቤት ኮምፒዩተር አያያዝ፦ የየቲሞች መዝገብ በእጃቸው ላለ አባላት

 

በሐምሌ ወር 2015 መጨረሻ ላይ የአንድ የቲም ልጅ ስም ከወርሃዊ ተረጂዎች ዝርዝር ወጣ። እናቱ ምክንያቱን ለመጠየቅ ሲመጡ ልጁን ይዘውት ነበር። ዝርዝሩን በቤቱ ኮምፒዩተር የሚይዘው ወንድማችን ገጹን ከፍቶ ተመለከተና «ዕድሜው 18 ሞልቷል ይላል» አላቸው። እናቲቱ ምንም ሳይመልሱ ልጁን በትከሻው ይዘው ወደ ፊት አቀረቡት። የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ቁመቱ ከጠረጴዛው ብዙም አይበልጥም። እኛም በስፍራው ስለነበርን የወንድማችንን ሐፍረት አይተናል።

ማንም አልዋሸም፤ ኮምፒዩተሩም አልተበላሸም ነበር። ነገሩ ኮምፒዩተር አገራችንን የማያውቅ መሆኑ ነው። የዘመን አቆጣጠራችንን አያውቅም። «ሀ» እና «ሐ» በአንደበታችን አንድ መሆናቸውን አያውቅም። መብራት ሳያስጠነቅቅ እንደሚሄድ፣ የአዳማ ነፋስም አቧራ ጭኖ በመስኮት እንደሚገባ የነገረው የለም። በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ ብዙዎቻችን የምንጠቀምባቸው ኮምፒዩተሮች ዘመድ ከጅዳ፣ ከሪያድ ወይም ከዱባይ የላካቸው፣ አለዚያም ያገለገሉ ተብለው የተገዙ ናቸው። በአንዱ ቤት ኮምፒዩተር ላይ የልጆች ጨዋታ፣ የሠርግ ፎቶና የየቲሞች መዝገብ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በመሆኑም ከዕለት ተዕለት አያያዝ ጋር የተያያዙ፣ በተሞክሮ የደረስንባቸውን ጉዳዮች ለአባላት ማካፈል ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

የልጁን ጉዳይ እናስቀድም። የተወለደው የካቲት 7 ቀን 2005 ነው። የመዘገበው ሰው እንደ ልማዳችን 7/6/2005 ብሎ ጻፈ፤ የካቲት ስድስተኛው ወራችን ነውና። ኤክሴል የሚባለው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ግን ቀንን የሚይዘው በፈረንጆች አቆጣጠር ከጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ጀምሮ ያሉትን ቀኖች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ በመቁጠር ነው። ሌላ አቆጣጠር እንዳለ ስለማይጠረጥር፣ የተጻፈለትን እንደ ኮምፒዩተሩ አገጣጠም ወይ ጁን 7 ወይ ጁላይ 6 ቀን 2005 ነው ብሎ ተቀበለ። ልጁ በእነርሱ አቆጣጠር የተወለደው ግን ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2013 ነው። እንግዲህ በአንዲት መስመር ላይ ሰባት ዓመት ተኩል ያህል ተጨመረበት ማለት ነው። ዕድሜን እንዲያሰላ የተሰጠው ትእዛዝ ትክክል ነበር፤ የተሰጠው ቀን ነው የሌላ ዘመን የሆነበት።

የዚህ ስሕተት ክፋቱ ድምፅ የሌለው መሆኑ ነው። ኮምፒዩተሩ ቢያጉረመርም ኖሮ ወንድማችን ይነቃ ነበር። አንዳንዴ እንኳ እንደ ማጉረምረም ያለ ምልክት ይሰጣል። ለምሳሌ ጥቅምት 30 ቀን 2005 የተወለደችውን ልጅ 30/2/2005 ብላችሁ ብትጽፉ፣ በፈረንጆች ሁለተኛው ወር 30 ቀን ስለሌለው ኤክሴል ቀን ነው ብሎ አይቀበለውም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ጳጉሜንማ ከዚህም የባሰ ነው። 13ኛ ወር የለምና ወይ እንደ ጽሑፍ ይተወዋል፣ ወይም በአሜሪካ አጻጻፍ በተገጠመ ኮምፒዩተር ላይ 3/13 የሚለውን ማርች 13 ያደርገዋል። አሜሪካኖች ወርን ከቀን አስቀድመው ይጽፋሉ፤ ብዙ ኮምፒዩተሮችም ሲመጡ በዚያው አጻጻፍ የተገጠሙ ናቸው።

ይህን በዓይን የመለያ ዘዴ አለ። ሰው አሰላለፉን ካልቀየረው በቀር ኤክሴል ቀንና ቁጥርን በሳጥኑ ውስጥ ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍን ወደ ግራ ያስጠጋል። የልደት ቀን የተጻፈበትን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ስትመለከቱ አንዳንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዳንዱ ወደ ግራ ተጠግቶ ካያችሁ፣ መዝገቡ ሁለት ዓይነት ነገር ቀላቅሏል። ወደ ግራ የተጠጉት ዕድሜያቸው ጨርሶ አይሰላም፤ ወደ ቀኝ የተጠጉት ደግሞ ተሰልቶ ተሳስቷል። ከሁለቱ የሚያሳስበን ሁለተኛው ነው።

መፍትሔው ረቂቅ አይደለም። ቀን፣ ወር እና ዓመት ለየብቻቸው በሦስት ዓምዶች ይጻፉ፤ በአናታቸውም ላይ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የሚል ይቀመጥ። ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ የሚያያቸው ሦስት ተራ ቁጥሮች ስለሆኑ ሊተረጉማቸው አይሞክርም። ዕድሜን ለማወቅ ከያዝነው ዓመት ላይ የልደቱን ዓመት መቀነስ ነው፤ የልደቱ ወርና ቀን ገና ካልደረሰ አንድ ይቀነሳል። ይህን እንኳንስ ኤክሴል የሁለተኛ ክፍል ልጅም ይሠራዋል። ደግሞም ምንም ያህል ሠንጠረዡ ቢስተካከል፣ አንድ ሰው ቤት ድረስ ሄዶ ልጁን ሳያይ ስም ከዝርዝር መውጣት የለበትም። በሸሪዓው የቲምነት የሚያበቃው በቡሉግ ነው፤ 18 የሚለው ለአሠራር የተቀመጠ ወሰን ነው፤ ሁለቱንም ቢሆን ኮምፒዩተር አይቶ አይፈርድም።

ከዚሁ ጋር የኮምፒዩተሩን የራሱን ቀንና ሰዓት እናንሣ። አንዳንድ ቤተሰቦች ከግድግዳቸው ካላንደር ጋር እንዲስማማ ብለው የኮምፒዩተሩን ቀን በኢትዮጵያ ዓመት ያስተካክሉታል። ሐሳቡ የሚወደድ ቢሆንም ውጤቱ ኢንተርኔት እምቢ ማለት ነው። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት የምስክር ወረቀት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል ገደብ አለው። በእኛ ዓመት የተገጠመ ኮምፒዩተር ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚቆም፣ ወረቀቱ «ገና አልጸናም» ብሎ ገጹን ይዘጋዋል። ኮምፒዩተሩን በፈረንጆቹ ተዉት፤ የሰዓት ክልሉንም «ናይሮቢ» የሚለውን ምረጡለት፤ ከእኛ ጋር አንድ ነው። ከሳዑዲ የመጡት አንዳንዶቹ ቀኑን በሒጅራ ያሳያሉ። ለእኛ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ሆኖም የሒጅራው ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ከመዝገቡ ጋር ሦስተኛ አቆጣጠር ይቀላቀላል። ስለዚህ ከአገርና ቋንቋ ማስተካከያው ገብቶ መቀየር ይሻላል። ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ቁጥር ቀኑን የሚረሳ ከሆነ ደግሞ በውስጡ ያለችው ሳንቲም የመሰለች ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። ቁጥሯ 2032 ነው፤ ዋጋዋም ቀላል ነው። ለዚህ ብሎ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» የሚል ጠጋኝ ካጋጠማችሁ ሌላ ጠይቁ።

ሁለተኛው ሰፊ ጉዳይ የስም አጻጻፍ ነው። በመድረሳ ያለፍን ሰዎች የዐረብኛውን ሓ በ«ሐ»፣ ዐይንን በ«ዐ» መጻፍ እንወዳለን። ወጣቶቻችን ደግሞ ለእጃቸው የቀረበውን ይጽፋሉ። ሁለቱም ይነበባሉ፤ ማንም አንባቢ አይደናገርም። ኮምፒዩተር ግን ለእያንዳንዱ ፊደል የተለየ ቁጥር ሰጥቶ ስለሚይዝ «ዐብዱልቃድር»፣ «አብዱልቃድር» እና «አብዱል ቃድር» በእርሱ ዘንድ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። «ሙሐመድ»፣ «መሐመድ»፣ «መሀመድ» እና «ሙሃመድ» ደግሞ አራት ናቸው። በዚህ ላይ የልጁ የትምህርት ቤት ወረቀት በቁቤ የተጻፈ ከሆነ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ ሌላ መልክ ይይዛል። ውጤቱ ሁለት ዓይነት በደል ነው። አንድ ልጅ ሁለት ጊዜ ይመዘገብና የሌላ ድርሻ ይያዛል፤ ወይም ስሙ ሲፈለግ «የለም» ተብሎ ከነእናቱ ይመለሳል።

ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ለእያንዳንዱ ልጅ የማይለወጥ ቁጥር መስጠትና በወረቀቱም፣ በፎቶውም፣ በኮምፒዩተሩም ላይ ያንኑ መጻፍ ነው። ስም ሲፈለግ ሙሉውን ከመጻፍ ይልቅ የማያሻማውን ክፍል ብቻ፣ ለምሳሌ «ቃድር» የሚለውን መፈለግ ይረዳል። የእናት ስም ለብቻው ዓምድ ይኑረው፤ አባቶቻቸው በአንድ ስም የሚጠሩ ብዙ ልጆች አሉና። የትኛው አጻጻፍ ትክክል ነው በሚለው ላይ እኛ የራሳችን አቋም አለን፤ ይሁን እንጂ በመዝገብ ጉዳይ ትክክል ከመሆን አንድ ዓይነት መሆን ይቀድማል።

የቆዩ ጽሑፎችን በተመለከተም አንድ ነገር እናስታውስ። ከ15 እና ከ20 ዓመት በፊት የተጻፈ የአማርኛ ሰነድ በአዲስ ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና የነጥብ ክምር ሆኖ ይታያል። ብዙዎች ተበላሽቷል ብለው ያጠፉታል። አልተበላሸም። እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት ፕሮግራሞች የቀድሞ ቅጾች የላቲኑን ፊደል ቦታ ተውሰው በላዩ የግዕዝን መልክ ይሥሉ ነበር፤ ያ የፊደል መልክ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ የሚታየው ከሥር ያለው ላቲን ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዛሬ በስልካችንም ሆነ በኮምፒዩተራችን የምንጽፈው በእርሱ ነው። የቀድሞውን ሰነድ ወደ ዩኒኮድ የሚመልሱ ፕሮግራሞች ስላሉ ፋይሉን እንዳለ አቆዩት። የአንድ የቲም አባት ኑዛዜ ወይም የቆየ የድጋፍ ስምምነት በዚያ ክምር ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ወደ መብራቱ እንለፍ። ከቆቃ ግድብ አጠገብ ነን፤ በከተማችን ዳርቻ ያሉት ነፋስ ኃይል ማመንጫዎችም የመጀመሪያው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋዋት ኃይል እንዲያመነጩ የተሠሩ ናቸው። ቢሆንም መብራቱ ይሄዳል፤ ያው ነፋስም አቧራውን ያመጣልናል። መብራት ሲሄድ ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል፤ ኮምፒዩተሩን የሚያቃጥለው ግን በአብዛኛው የመብራቱ ተመልሶ መምጣት ነው። የሰፈሩ ማቀዝቀዣና ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲነሡ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ መብራት እንደሄደ ሶኬቱን መንቀል፣ ከመጣም በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል ታግሦ መሰካት ይገባል። ማቀዝቀዣና ኮምፒዩተር በአንድ ማከፋፈያ ላይ አይሰኩ።

ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ አንድ የሚመስሏቸው ሰዎች አሉ። ስታቢላይዘር ከፍና ዝቅ የሚለውን ኃይል ወደ 220 ያቀራርባል እንጂ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ዩፒኤስ ባትሪ ስላለው ሥራችንን አስቀምጠን በሥርዓት የምንዘጋበት ጥቂት ደቂቃ ይሰጠናል፤ ሥራ ለመቀጠል አይደለም። ባትሪው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደክማል። በመሆኑም አልፎ አልፎ ምንም ሥራ ሳይከፈት ራሳችን ሶኬቱን ነቅለን ምን ያህል እንደሚቆም ማየት አለብን። ሌዘር ማተሚያ በዩፒኤስ ላይ አይሰካም፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ብዙ ነው። ያም ሆኖ እጅን ማስለመድ ከዕቃው ሁሉ ይቀድማል፤ አንድ ቤተሰብ በተመዘገበ ቁጥር ኮንትሮል የሚለውን ተጭኖ ኤስን መንካት ነው። የኮምፒዩተሩ ቆርቆሮ ሲነካ የሚነዝር ከሆነ የቤቱ መስመር ኧርዝ የለውም ማለት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጠራ፤ በቤት ውስጥ ሕፃናት አሉ።

ስለ አቧራውና ሙቀቱ እናቶችንና እኅቶችን በአክብሮት የምንጠይቀው አንድ ነገር አለ። ኮምፒዩተሩ ሲዘጋ በዳንቴል መሸፈኑ መልካም ነው። ሥራ ላይ ሳለ ግን ዳንቴሉ ይነሣለት፤ በላዩና በጎኑ ያሉት ቀዳዳዎች መተንፈሻዎቹ ናቸው። ላፕቶፕም በፍራሽና በብርድ ልብስ ላይ ተቀምጦ አይሠራም፤ መተንፈሻው ከሥሩ ነውና። የጠረጴዛው ኮምፒዩተር ከወለል ከፍ ብሎ፣ ከበር ርቆ ይቀመጥ። በበጋ ወራት በየሁለት ወሩ ከሶኬቱ ተነቅሎ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ቢጠረግ ዕድሜው ይረዝማል። ሲጠረግ ውስጡ ያለው ማራገቢያ እንዳይሽከረከር በጣት ይያዝ። እርጥብ ጨርቅ ወደ ውስጥ አይገባም።

ፍላሽን በተመለከተ፣ በብዙ ቤቶች ችግር የሚገባው ከፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ፍላሹ ሲከፈት ፋይሎቹ በጎናቸው ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሆነው ይታያሉ፤ ሲነኩም ቫይረሱ ይነሣል። እውነተኞቹ ፋይሎች በዚያው ፍላሽ ላይ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም። ስለዚህ «ፎርማት ይደረግ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ እሺ አትበሉ። በመጀመሪያ በጸረ ቫይረስ ማስፈተሽ፣ ቀጥሎ የተደበቁትን ወደ ግልጽ መመለስ የሚችል ሰው መፈለግ ነው። ለማተሚያ የሚሄድ ፍላሽ ለብቻው ይሁን፤ የሚታተመው ገጽ ብቻ ይጫንበት። የመቶ የቲሞች ስም፣ ስልክና ሰፈር የያዘ ፍላሽ በማያውቁት ኮምፒዩተር ላይ መሰካት የሰው ቤት ቁልፍ በገበያ ላይ ማዞር ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ያሉ አባላትም፣ ሠሪው ድርጅት ለእርሱ የሚሰጠው መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 እንዳበቃ ይወቁ። ወደ 11 መሸጋገር የሚችል ኮምፒዩተር ይሸጋገር፤ የማይችለው ደግሞ መዝገብ የሚያዝበት ባይሆን ይመረጣል።

መዝገቡ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ካለ የለም ብለን እንቁጠረው። በየወሩ መጀመሪያ አንድ ግልባጭ ተወስዶ በሌላ ሰው ቤት ይቀመጥ፤ ሌባም እሳትም የሚገባው በአንድ ቤት ነው። በየሦስት ወሩ ደግሞ በወረቀት ይታተም። ኡስታዞቻችን በእጃቸው የገለበጧቸው ኪታቦች መብራት ሳይጠይቁ ዛሬም ይነበባሉ። የኤክሴሉ ፋይል በይለፍ ቃል ይቆለፍ፤ ቃሉ ከጠፋ ግን ፋይሉን ማስከፈት እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ በታሸገ ፖስታ ለሌላ አማነኛ ይሰጥ። ልጆች ለጨዋታ የሚገቡበት የራሳቸው መግቢያ ይከፈትላቸው። እነርሱ በጨዋታ መካከል የሚያጠፉት ፋይል ሆን ተብሎ ከሚጠፋው አይተናነስም።

የልጆቹን ፎቶ ከስማቸውና ከሰፈራቸው ጋር በቴሌግራምና በፌስቡክ ማሰራጨት ይቅር። ለጋሽን ለማበረታታት ተብሎ የሚደረግ ቢሆንም፣ ልጁ አድጎ በትምህርት ቤቱ ጓደኞች ፊት የሚገናኘው ከዚያ ፎቶ ጋር ነው። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰዎችን መረጃ የሚይዝ አካል ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲሰበስብና እንዲጠብቀው ያስገድዳል።

ሌላው የፎቶ ጉዳይ የሚያጠፉትን ይመለከታል። አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸው ብቸኛ ፎቶ የነበረበትን የስልክ ሚሞሪ ልጃቸው ሳያውቅ እንዳጠፋው ነግረውን ነበር። ሚሞሪውን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስላልተጠቀሙበት አብዛኛው ተመለሰ። የተሰረዘ ፎቶ ወዲያው አይደመሰስም፤ ቦታው «ባዶ ነው» ተብሎ ምልክት ይደረግበታል እንጂ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በዚያው ይቆያል። እንግዲህ ፎቶ ከሚሞሪ ከጠፋባችሁ ሚሞሪውን አውጥታችሁ በወረቀት ጠቅልላችሁ ወደሚያውቅ ሰው ውሰዱት፤ በመካከሉ አንድም ፎቶ አታንሡበት።

የልጁ ድጋፍ በነሐሴ ተመልሷል፤ የሐምሌውም ተከፍሎታል። በዚያው ሰሞን ሙሉው ዝርዝር ሲመረመር በተመሳሳይ ስሕተት ዕድሜያቸው የተጋነነ ሌሎች ልጆችም ተገኝተዋል፤ ስማቸው ገና አልወጣም ነበር። የዘካ ዝርዝር በረመዳን ዋዜማ ከመዘጋጀቱ በፊት መዝገብ በቤታቸው ያለ አባላት ሁሉ የልደት ቀን ዓምዳቸውን ከፍተው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተጠጋውን እንዲመለከቱልን፣ ዕድሜው ከ15 በላይ የተጻፈ ልጅ ካለም ከቤተሰቡ ጋር እንዲያመሳክሩልን በትሕትና እንጠይቃለን።